የአረጋውያን ቤት ሲሰፋ፦ የጎረቤት ቅሬታና የፍቅር ሥራ

ለቁምስና የጥናት ጉባኤና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን
(ከጥናቱ በፊት የሚነበቡ፦ ዘዳ. 22፥8፤ ሩት 4፥13-17፤ ሐዋ. 6፥1-7)



ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት በአንድ ሰፈር ሲከፈት የሚቃወም ሰው እምብዛም አይገኝም። ጎረቤቱ በበዓል ቀን ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ያገለገለ ልብስና ብርድ ልብስ ያዋጣል፤ ልጆቹንም ልኮ አረጋውያኑን ያስጠይቃል። ጥያቄ የሚነሣው ቤቱ ሲሞላ ነው። በሩን የሚያንኳኳው አረጋዊ «አልጋ የለም» ተብሎ መመለስ ሲጀምር፣ አስተዳዳሪዎቹም በአጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተጨማሪ ሕንፃ ለማቆም ሲያስቡ፣ ትናንት እርዳታ ያመጣ የነበረው ጎረቤት ዛሬ የተቃውሞ ፊርማ ሲያሰባስብ ይታያል። አስተዳዳሪዎቹ «እነዚህ ሰዎች ለድኻ አይራሩም» ይላሉ፤ ጎረቤቶቹም «በድኻ ስም በደል ተፈጸመብን» ይላሉ። ከሁለቱም ወገን የሆኑ ክርስቲያኖች ግን እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ከአንድ መንበረ ታቦትም ይቈርባሉ።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በአንድ በተለየ ሰፈር ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ክርስቲያናዊ ማኅበር ነገሩን በምን መንገድ ሊመረምር እንደሚገባው ለማሳየት ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የአረጋውያኑ ፍላጎትና የጎረቤቱ ቅሬታ ሁለቱም የፍትሕ ጥያቄዎች ስለሆኑ አንዱን ለመስማት ሲባል ሌላውን ዝም ማሰኘት አይገባም።

1. ቤቱ የሚሰፋው ለምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የማስፋፋቱ ምክንያት በግልጽ መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ «ሕንፃ ተጨመረ» ሲባል «ሰው በእጥፍ ሊጨመር ነው» ብሎ ይገምታል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ላይሆንም ይችላል። በስምንት አልጋ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ሁለት አልጋ ታጭቆ የሚኖርበት ቤት አንድም ሰው ሳይጨምር ተጨማሪ ክፍል ሊያስፈልገው ይችላል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 እ.ኤ.አ. በተነሣ ጊዜ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከሞቱት መካከል በአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች የነበሩት እጅግ ብዙዎች እንደነበሩ ይታወሳል። ከዚያ መከራ ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ አልጋን ከአልጋ ማራራቅ፣ ለታመመ ሰው የተለየ ክፍል ማዘጋጀትና አየር የሚዘዋወርበት ቤት መሥራት የሰውን ሕይወት የሚያድን ሥራ መሆኑ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ለምን ወደ ጎን ይሰፋል? ለምን ፎቅ አይሠራም?» የሚለው ነው። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ከአልጋ የማይነሣ ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ደረጃ መውጣት አይችልም። አሳንሰር ቢተከል እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር አረጋዊው በፎቁ ላይ ይታገታል፤ እሳት ቢነሣ ደግሞ በአሳንሰር መውረድ አይቻልም። ስለዚህ ለአረጋውያን የሚሠራ ቤት ከተቻለ ከምድር ያልራቀ፣ በሩም አልጋ የሚያሳልፍ ሰፊ ሊሆን ይገባዋል። ይህ ደግሞ መሬት ይፈልጋል። በአንጻሩ ፎቁ ከፍ ሲል የጎረቤቱን ፀሓይ ይከለክላል፤ መስኮቱም ወደ ሰው ግቢ ይመለከታል። እንግዲህ የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የሚሸከመው ሰው አለ። የሚከፈለውን ዋጋ አለመደበቅ የእውነተኛ ውይይት መጀመሪያ ነው።

2. ቅሬታ ሁሉ አንድ አይደለም

የጎረቤትን ቅሬታ በሁለት ከፍሎ መመልከት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ነገርን የሚመለከት ቅሬታ ነው። የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ወደ መንገድ ይፈስሳል፤ በፈረቃ የሚመጣው ውኃ ወደ ትልቁ ታንከር ሲሳብ ለታችኛው ቤት አይደርስም፤ የማገዶው ጢስ ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት ይገባል፤ የጀነሬተሩ ድምፅ ሕፃን ያነቃል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አምቡላንስና የዕቃ መኪና ሲገናኙ ሁሉም ይቆማል፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ብቸኛ ሜዳ ሊታጠር ነው። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ፣ በጆሮ የሚሰሙ፣ በሥራም የሚስተካከሉ ናቸው።

ሁለተኛው ሰውን የሚመለከት ቅሬታ ነው። «ልጆቻችን በየቀኑ ሽማግሌና በሽተኛ እያዩ ሊያድጉ ነው፤ የሰፈሩ ስም ይጠፋል፤ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፤ አእምሮአቸው የሳተ ሰዎች ይወጡብናል» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም በዕውቀት ሊቀልል የሚችል ነው። በእርጅና የሚመጣ የመርሳት ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መንገድ የሚጠፋው አረጋዊ የሚያስፈልገው በር ላይ የሚከታተል ሰውና ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ከፍርሃቱ በታች «ድካምንና ሞትን ከዓይኔ አርቁልኝ» የሚል ልብ ካለ ይህ በግንበኛ የሚስተካከል አይደለም፤ ንስሓ የሚያስፈልገው ነው።

ሁለቱ ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ ተደባልቀው ይቀርባሉ። ለመለየት እያንዳንዱ ወገን ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ጎረቤቱ፦ «ፍሳሹ ቢስተካከል፣ መንገዱ ቢጠገን፣ ጢሱም ቢቀር ቅሬታዬ ያበቃልን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አያበቃም» ከሆነ የተቃወመው ፍሳሹን ሳይሆን ሰዎቹን ነበር። አስተዳዳሪው ደግሞ፦ «ይህን ሕንፃ የሚሠራው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ የጎረቤቱ ጥያቄ ትክክለኛ ይሆን ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ጥያቄው በእርሱም ላይ ትክክለኛ ነው። የሥራው መንፈሳዊነት ፍሳሹን ንጹሕ አያደርገውም።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ለብቻው መነሣት ይገባዋል፤ እርሱም የቀብር ጉዳይ ነው። አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ሞት አዘውትሮ ይጎበኛል። ድንኳን ሲተከል መንገዱ ይዘጋል፤ የለቅሶውም ብዛት ሰፈሩን ያስጨንቃል። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚህ አረጋውያን አብዛኞቹ ዕድር የላቸውም፤ ሬሳቸውን የሚያጅብ ዘመድም የላቸውም። ስለዚህ ነገር በመጨረሻ እንመለስበታለን።

3. የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በዚህ ክርክር ውስጥ ላሉት ወገኖች ሁሉ የሚናገረው ነገር አለው። አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አንቀጽ 43 ንኡስ አንቀጽ 2 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 44 ንኡስ አንቀጽ 1 ደግሞ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አረጋዊውም ጎረቤቱም በአንድ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ወይም እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረትንም በስም ይጠቅሳል። «መልካም ጉርብትና» የሚለው አሳብ ሊስተዋል ይገባዋል። ሕጉ ጢስ ፈጽሞ አይኑር አይልም፤ ሰው በሚኖርበት ጢስ መኖሩ አይቀርምና። ጎረቤት ጎረቤቱን ሊታገሠው ከሚገባው መጠን እንዳይታለፍ ግን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ጎረቤቱ የትዕግሥት ግዴታ አለበት፤ የቤቱም ባለቤት የመጠን ግዴታ አለበት።

4. የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ቅሬታን እንዴት ተቀበለች?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የምናነበው ታሪክ ለጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነው። በኢየሩሳሌም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን መበለቶችን በየቀኑ ትመግብ ነበር። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የነበሩት ወገኖች የእነርሱ መበለቶች ቸል እንደተባሉ አይተው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «በእግዚአብሔር ሥራ ላይ ታጉረመርማላችሁን?» ብለው አልገሠጹአቸውም። ሕዝቡን ሁሉ ሰበሰቡ፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎችም አስመረጡ። የሰባቱም ስም ግሪካዊ መሆኑን እናስተውል። ከዚህ በመነሣት ኃላፊነቱ ቅሬታውን ላቀረቡት ወገኖች እንደተሰጠ ብዙ መምህራን ያስረዳሉ።

እርግጥ ልዩነት አለ፤ እነዚያ ያጉረመረሙት ስለ መበለቶች ነበር፤ በእኛ ምሳሌ ግን ጎረቤቱ የሚያጉረመርመው ስለ ራሱ ነው። ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው። ቅሬታውን መስማት፣ በሸንጎ ማየት፣ ቅሬታ ካቀረቡትም ሰዎች መካከል የታመኑትን በሥራው ውስጥ ማስገባት ይገባል። በኅብረት የተመከረበት ሥራ ምን ፍሬ እንዳፈራ ቅዱስ ሉቃስ በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 7 ይነግረናል፤ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ።

5. ፍቅር የፍትሕን ዕዳ አይሰርዝም

የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድንጋጌ በቁጥር 8 ያስተማረው ትምህርት እዚህ ላይ ይረዳናል። በፍትሕ ለሰው የሚገባውን ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ አድርጎ መስጠት አይገባም ይላል። ይህ ቃል በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። ለአረጋዊው የሚሰጠው አልጋ ለባለጸጋው ቸርነት ብቻ የተተወ አይደለም፤ ዘመኑን ሁሉ ሠርቶ ለደከመ ሰው የሚገባው ነው። እንዲሁም ጎረቤቱ ንጹሕ መንገድ የሚያገኘው አስተዳዳሪው ደግ ስለሆነ ሳይሆን የሚገባው ስለሆነ ነው።

ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይጎዳ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል (ዘዳ. 22፥8)። የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ግንብ የቤቱ ጌጥ ሳይሆን የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። የፍሳሹ ጉድጓድ፣ የጢሱ መውጫ፣ የእሳት ማምለጫውም በር እንዲሁ ናቸው። ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ነው በሚል እነዚህን መቀነስ የሰገነቱን መከታ እንደ መተው ይቈጠራል። ደግሞም የናቡቴ ታሪክ (1ነገ. 21) የሚያሳስበን ነገር አለ፤ ንጉሡ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ እሰጥሃለሁ ቢለውም እንኳ ናቡቴ ርስቱን አልሰጥም የማለት መብት ነበረው። ለአረጋውያን ቤት ይሆን ዘንድ የጎረቤት ይዞታ ቢፈለግ በፈቃድና በሕግ እንጂ በተጽዕኖ ሊወሰድ አይገባውም።

6. «ልጆቻቸው የት ሄዱ?»

በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ ከሽማግሌዎች መካከል አንዱ መነሣቱና «በእኛ ባህል አባትና እናት በልጅ ቤት ይጦራሉ፤ መጦሪያ ማብዛት ልጆችን ማስነፍ አይደለምን?» ማለቱ አይቀርም። አሳቡ ክብደት አለው። ጌታችን ለእግዚአብሔር ሰጥተናል እያሉ ወላጆቻቸውን ያጡትን ሰዎች ገሥጾአል (ማር. 7፥9-13)። ቅዱስ ጳውሎስም የመበለት ልጆችና የልጅ ልጆች አስቀድመው ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን እንዲማሩ አዝዟል (1ጢሞ. 5፥4)። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በወላጅና በተወላጅ መካከል የመጦር ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል።

ነገር ግን ያው ሐዋርያ ቤተ ክርስቲያን በእውነት ብቻቸውን የቀሩትን መርዳት እንዳለባት በዚያው ምዕራፍ ያስተምራል (1ጢሞ. 5፥16)። ልጁን በጦርነት ወይም በበሽታ ያጣ፣ ልጁ በስደት የቀረበት፣ ፈጽሞ ያልወለደም አለ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1999 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን በጻፉት መልእክት ከሁሉ የሚሻለው አረጋውያን በቤተሰባቸው መካከል መኖራቸው እንደሆነ ገልጸው፣ ሁኔታው የአረጋውያንን ቤት የሚጠይቅበት ጊዜ እንዳለም ተቀብለዋል። ስለዚህ ቤቱ ሲሰፋ የመቀበያው ሥርዓትም አብሮ ሊጠና ይገባል። ዘመድ ያለው አረጋዊ ሲመጣ አስቀድሞ ዘመዱን መፈለግ፣ ማስታረቅና መርዳት ከተቻለ፣ አልጋው ለእውነተኛው ብቸኛ ይተርፋል።

7. ከጎረቤት ጋር ያደገ ቤት

በፈረንሳይ አገር በብረታኝ ጠረፍ በምትገኘው በሳን-ሴርቫን ከተማ ዣን ዡጋን የተባለች ሴት በ1839 እ.ኤ.አ. ክረምት አን ሾቫን የተባለች ዓይነ ስውር አሮጊት ወደ ቤቷ ወስዳ በገዛ አልጋዋ አስተኛቻት። ሌሎችም ተከተሉ። በ1841 ዐሥራ ሁለት አረጋውያን ወደሚይዝ ሰፋ ያለ ቤት ተዛወሩ፤ በ1842 ደግሞ ቀድሞ ገዳም የነበረ ትልቅ ቤት ተገዛ። ገንዘብ አልነበራትም። አረጋውያኑ ቀድሞ እየለመኑ ይኖሩ ስለነበረ፣ ይመጸውቱአቸው የነበሩትን ሰዎች እየጠየቀች ዘንቢሏን ይዛ በእነርሱ ፋንታ ከቤት ወደ ቤት ትዞር ነበር። በዚህ መንገድ የከተማው ሰው ሁሉ የቤቱ ባለድርሻ ሆነ። «የድኾች ታናናሽ እኅቶች» የተባለው ማኅበር ከዚህ ተወለደ፤ ዣን ዡጋንም በጥቅምት 11 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በቅድስና ማዕርግ ተሰየመች።

በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ሕዝቡ በሚሰጠው እርዳታ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን የሚይዝ ሆኗል። ከሁለቱም ምሳሌዎች የምንማረው የአረጋውያን ቤት የሚያድገው በጎረቤትና በሕዝብ ትከሻ ላይ መሆኑን ነው። የሚያንኳኳ ሰው አስቀድሞ ተዋውቆ ይመጣል፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለማስታወቅ አይመጣም።

8. የተረሱት ተከራካሪዎች

በክርክሩ ላይ አስተዳዳሪው ይናገራል፤ ጎረቤቱ ይናገራል፤ የወረዳው ባለሥልጣንም ይናገራል። አረጋውያኑ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቁም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ አረጋውያን ባወጣቸው መርሆዎች ውስጥ ከእንክብካቤና ከክብር ጋር ተሳትፎም ተቈጥሯል። «አባባ፣ እዚህ ቤት ምን ይጎድልዎታል? እማማ፣ መስኮትዎ ወዴት ቢመለከት ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምናልባት አረጋዊቷ የምትሻው አዲስ ሕንፃ ሳይሆን መንገድ መንገዱን የምታይበት አግዳሚ ወንበር ሊሆን ይችላል። ኳስ ሜዳው ለልጆቹ ቢቀርላቸውና አረጋውያኑ ዳር ተቀምጠው ቢመለከቱአቸው ለሁለቱም ወገን ይበጅ ይሆናል።

9. ምን እናድርግ?

በየቁምስናው እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያጋጥም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

ሀ. ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት በአካባቢው ላሉ ሁሉ፣ ለሌላ እምነት ተከታዮችም ጭምር፣ በግልጽ ይታይ፤ የሚጨመረው የሰው ቍጥርም ይነገር።

ለ. ቅሬታዎች በጽሑፍ ይመዝገቡ፤ እያንዳንዱም «በሥራ የሚስተካከል» ወይም «በውይይት የሚፈታ» ተብሎ ይለይ።

ሐ. ፍሳሽ፣ ውኃ፣ ጢስ፣ ድምፅና የአምቡላንስ መተላለፊያን የሚመለከተው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ ገንዘቡም ከሕንፃው በጀት ጋር አብሮ ይያዝ።

መ. ከጎረቤቶችና ከአረጋውያኑ የተመረጡ ሰዎች በሥራው ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ፤ ሕንፃው ከተከፈተም በኋላ ስብሰባው አይቋረጥ።

ሠ. የቤቱ አስተዳደርና የሰፈሩ ዕድር አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ቀብር ይስማሙ። አረጋውያኑ ወይም ቤቱ በአባልነት ይመዝገቡ፤ ድንኳኑም መንገድ በማይዘጋበት ቦታ፣ በቤቱ ግቢ ውስጥ ይተከል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ታናሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሕዝባችን የሰውን ብቸኝነት ሲገልጽ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» ይላል፤ ሁለት ነገር እንደሚጎድለው ያውቃልና። ቤቱ ጧሪ መሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን ቀባሪ ሊሆን አይችልም፤ ቀባሪ ጎረቤት ነው። በመጽሐፈ ሩት ለአሮጊቷ ኑኃሚን የእርጅናዋ ጧሪ የሚሆን ሕፃን ሲወለድ ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቿ የነበሩ ሴቶች ናቸው (ሩት 4፥17)። ጎረቤት በደስታዋ እንደነበረ በኀዘኗም ነበረ። ዕድሩ የአረጋዊውን ስም በመዝገቡ ላይ ሲጽፍ አረጋዊው የሰፈሩ ሰው ይሆናል፤ በሰፈሩ ሰው ላይም ፊርማ አይሰበሰብም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ያሉ አረጋውያን የሚኖሩበትን ቤት እናውቃለንን? ከነዋሪዎቹ ስንቱን በስም እንጠራለን?

2. በቁጥር 2 ከተጠቀሱት ሁለት ጥያቄዎች ለእያንዳንዳችን የሚከብደን የትኛው ነው? ስለ ምን?

3. በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ቅሬታ አቅራቢዎቹ ኃላፊነት ባይሰጣቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

4. የምንገኝበት ዕድር ዘመድ የሌላቸውን አረጋውያን እንዳይቀበል የሚያግደው ምንድን ነው? መተዳደሪያ ደንቡስ ሊሻሻል ይችላልን?

ለመምህራን ማሳሰቢያ፦ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2021 እ.ኤ.አ. የአያቶችንና የአረጋውያንን ዓለም አቀፍ ቀን በሐምሌ ወር በአራተኛው እሑድ (በፈረንጆች አቈጣጠር) እንዲከበር ወስነዋል። ይህ ጥናት ከዚያ ቀን አስቀድሞ ቢካሄድ ወጣቶቹ በዕለቱ አረጋውያንን ሲጎበኙ የሚጠይቁትን ያውቃሉ። ጉብኝቱ ስጦታ በመስጠት ብቻ እንዳያበቃ እያንዳንዱ ወጣት የአንድ አረጋዊ ስምና የትውልድ ቀዬ ተምሮ ይመለስ።